በምሳ ሰዓት የሚዘጋው በር

ሰኞ፣ ዝናቡ በገባበት ሳምንት

ለማንም ነግሬ የማላውቀው ነገር ይኸውና፦ የማረፊያው በር ሲዘጋ ደስ ይለኛል። እዚያ በምትገባው ሴት መታሰር አይደለም ደስ የሚለኝ፤ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጸጥታ ነው። ቁልፉ ሲዞር ትከሻዬ ይወርዳል። ይህን ፊቴ ላይ ማንም እንዳያይብኝ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ዞር ብዬ ነው የምቆልፈው።

ማረፊያ የምንለው በአእምሮ ሆስፒታላችን የሴቶች ዋርድ ጫፍ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ነው። መሬት ላይ ፍራሽ፣ ከፍ ያለ መስኮት፣ በሩ ላይ መዳፍ የምታህል መስታወት። ራሷን ወይም ሰው ልትጎዳ የደረሰች ሴት፣ ሌላው መላ ሁሉ ሲያልቅ፣ ሐኪም አውቆት ለጥቂት ጊዜ የምትገባበት ነው። ደንቡ እንደዚያ ይላል፤ በሩ ላይ ተለጥፏል። እኔ ደግሞ ፊደል የለየሁት በዚሁ ሆስፒታል በሮች ላይ ነው። በጽዳት ሠራተኝነት ስገባ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር፤ ወለል እየወለወልኩ በር በሩን ማንበብ ለመድኩ። ስለዚህ ደንቡን አላየሁትም ማለት አልችልም።

ዛሬም ሰፊዋን በምሳ ሰዓት አስገባኋት።

ማክሰኞ

ዝናብ። መስኮቶቹ ስለማይገጥሙ ከታካሚ ይልቅ ከባልዲ ጋር ስሮጥ ዋልኩ።

ሰፊዋ የምንላት ልብስ ሰፊ ስለነበረች ነው። ዝምተኛ ናት። አስቸጋሪው ምሳ ሰዓት ነው፤ ሁሉም ሲቀመጥ እሷ ትነሣለች። ከአንዷ ወደ አንዷ እየዞረች የጋውናቸውን ጠርዝ ትገለብጣለች፤ የላላ ክር ካገኘች ስባ ትመዘዋለች። አንዷ ትሰድባታለች፣ ሌላዋ በማንኪያ ትመታታለች፣ ሾርባ ይደፋል፣ ከዚያ ዋርዱ በሙሉ ይነሣል።

ድሮ ቢሆን አንዳችን አጠገቧ እንቀመጥ ነበር። በቀን ፈረቃ ሰባት ሆነን የሠራንበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ሦስት ነን፦ አለቃችን ሲስተር፣ አዲሷ ነርስና እኔ ረዳቷ። ከሄዱት አንዷ አግብታ፣ አንዷ ወገቧ እንቢ ብሏት፣ ሌሎቹ የተሻለ አግኝተው ነው። ምትክ ይመጣል ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ! የሠራተኛው ምግብ ቤት ደግሞ የሚከፈተው ታካሚዎቹ በሚበሉበት ሰዓት ብቻ ነው። አንዳችን ስንወጣ ለሠላሳ ምናምን ሴት ሁለት ሰው ይቀራል። ስለዚህ የምግቡ ጋሪ ከመድረሱ በፊት ሰፊዋ ማረፊያ ትገባለች፤ ጋሪው ሲመለስ ትወጣለች፤ ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች።

አትታገልም። ከፊቴ ትቀድማለች። ደጃፉ ላይ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ሰው ቤት እንደምትገባ እንግዳ።

ይህ ልማድ መቼ እንደ ተጀመረ አላስታውስም።

ሐሙስ

አዲሷ ነርስ ከመጣች ወር አልሞላትም። ሴቶቹ «ለምኔ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ «ለምን» ከአፏ ስለማይጠፋ። ዛሬ ቁልፉን ሳዞር ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«እትዬ፣ ምን አድርጋ ነው የገባችው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ምሳ ሰዓት ነዋ!»

ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ልጅቷ ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። ሄዳ ለአለቃችን ነገረቻት። አለቃችን ክኒን እያከፋፈለች ቀና ሳትል፣ «የኔ ልጅ፣ ትምህርት ቤት የነገሩሽ ሆስፒታል የት ነው ያለው? አድራሻውን ስጪኝ፤ እኔም ማመልከቻ አስገባለሁ» አለቻት።

«ሲስተር፣ ሐኪሞቹ እኮ መዝገቡን ያያሉ። ባለፈው መውጫ የከለከሏት በየቀኑ ማረፊያ ትገባለች፣ ገና አልተረጋጋችም ብለው ነው።»

አለቃችን ክኒን መቁጠሯን አቆመች፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ሰው ስለሌለን እናስገባታለን። ስለምናስገባት አትወጣም። ስለማትወጣ አንድ አልጋ አይለቀቅም፤ እኛም ለባሰ ብዛት እንሮጣለን። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ እንዴት እንዲህ አያይዤ አላሰብኩትም?

አርብ ማታ

ዛሬ ማንበብ አልሆነልኝም። ከሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት መጽሐፍ ሽፋን የለውም፤ መጀመሪያውም ተገንጥሏል። ታሪኩን ከመሃል ነው የጀመርኩት፤ ማን ማንን እንደበደለ ገና አልገባኝም። አስቀምጬ ወደዚህ ደብተር መጣሁ።

የባለቤቴ እህት ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። በተጋባን ሁለተኛው ዓመት መጥታ ነው። ድስት እሳት ላይ ጥዳ ትረሳለች፤ ሌሊት በር ከፍታ ትወጣለች፤ የልጄን ልብስ ወስዳ ትደብቃለች። ክፉ አልነበረችም። ልጄን ትወድ ነበር። በሌላ ከተማ ካለው ሆስፒታል አስገባናት። ባለቤቴ ሥራው መንገድ ላይ ስለነበር የምጠይቃት እኔ ነበርኩ። በተመለስኩ ቁጥር፣ «መቼ አሉሽ?» ይለኛል። «ሐኪሙ ገና ነው አለ» እለዋለሁ። ባለቤቴ «ገና ነው» እያልኩት አረፈ። እሷም እዚያው እንዳለች ተከተለችው።

ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያለው። ሐኪም ያለውን ማን ይሽራል? ማንም ሳይጠይቀኝ ይህን እዚህ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ሳምንት

አንድ ነገር አደረግሁ። ዕቃ ቤታችን ውስጥ ጠርዛቸው የተተረተረ ጋውኖች ተከምረዋል። ከቤቴ መርፌና ክር አመጣሁ። ስለታም ነገር ዋርድ ማስገባት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ለአለቃችን ነገርኳት። «እኔ አልሰማሁሽም» አለችና ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነች፤ ከዚያ በሌላው እጇ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጠችኝ።

በምሳ ሰዓት ሰፊዋን ወደ ማረፊያ ሳይሆን ወደ ዕቃ ቤት ወሰድኳት። መርፌውን ሰጠኋት። አጠገቧ ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁ።

ጋውኑን አገላብጣ አየችው። «ይሄን የሰፋው ሰው ጠላት ነበረው እንዴ?» አለችኝ። ከመጣች ጀምሮ ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

ከዋርዱ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በር አልተቆለፈም፤ ጸጥታው ግን ነበር።

አርብ

ሳምንቱን እንዲህ ዋልን። ሰፊዋ ሰፋች፤ እኔ በላሁ፤ መርፌውን ራሴ ተቀበልኳት። በመዝገቡ ላይ ማረፊያ የገባችበት ቀን የለም። «ለምኔ» ጋውኖቹን እያየች፣ «እትዬ፣ የኔንም የሸሚዝ ቁልፍ ትሰፋልኛለች?» ትላለች። ዳኛዋ እንኳ የተሰፋላትን ለብሳ ወዲያና ወዲህ አለችበት። ዳኛዋ በሁላችንም ላይ ቀኑን ሙሉ ስትፈርድ የምትውል አሮጊት ታካሚያችን ናት። ዛሬ ለሰፊዋ «በነፃ ተሰናብተሻል!» አለቻት።

እውነትም በሚመጣው ሐሙስ ሐኪሞቹ ስለ መውጫዋ ይሰበሰባሉ። ወንድሟ ሊወስዳት እንደሚፈልግ አስታውቋል። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት የምትውለው ሚስቱ ናት።

ሰኞ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። መርፌ ጠፋ።

በምሳ ሰዓት አንዷን የሚጥል በሽታ ጣላት። ጩኸት። ሮጥኩ። ስመለስ ሰፊዋ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። መርፌው የለም።

«የታለ?»

«ሰጥቼሻለሁ።»

አልሰጠችኝም። ብትሰጠኝ አላስታውስም?

ፍራሽ ተገለበጠ። ሴቶቹ ሁሉ ተፈተሹ። ዳኛዋ እጇን ወደ ላይ አድርጋ፣ «ፈትሹ፣ ፈትሹ! ከባሌ በቀር እንዲህ የነካኝ የለም፤ እሱም በዓመት አንዴ!» ብላ ዋርዱን አሳቀችው። ሰፊዋ ግን ልብሷን ሊያወልቋት ሲሉ ጮኸች፤ ለፍተሻ የተጠራችውን የዘበኛዋን እጅ ነከሰች። ማረፊያ አስገቧት። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ጫማዋን የሚያስወልቅ ጊዜ አልነበረም።

ማክሰኞ

መርፌው እስኪገኝ አትወጣም ተባለ። ሰውነቷ ላይ ደብቃው ይሆናል፤ ራሷን ትጎዳለች፤ ሰው ትወጋለች። በመዝገቡ ላይ «መርፌ ደብቃ» ተብሎ ተጻፈ። ከየት እንዳመጣችው ግን አልታወቀም ተባለ። ሲጻፍ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

መስታወቱ ላይ ዐይኗን አስጠግታ፣ «ሰጥቼሻለሁ እኮ፣ እህቴ» ትላለች። አትጮኽም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ማታ

ጋውኔን ላጥብ ስዘፈዝፍ አንድ ነገር አገኘሁ። ምን እንደሆነ አሁን አልጽፍም። ልብሱን አወጣሁት፤ ውሃውን ደፋሁት። እጄ ትንሽ ደምቷል።

ረቡዕ ማታ

እጽፈዋለሁ። መርፌው ኮሌታዬ ሥር ነበር። ጩኸቱን ስሰማ ከእጇ ተቀብዬ፣ ወገቤን ይዤ ስነሣ፣ እናቴ ስትሰፋ ታደርግ እንደነበረው ኮሌታዬ ላይ ሰክቼው ሮጫለሁ። እጄ ያደረገውን ልቤ አያውቅም። ሰጥታኛለች። እኔ ቤቴ ስተኛ እሷ ማረፊያ ያደረችው ሰጥታኝ ነው።

ዛሬ ማለዳ ለአለቃችን ነገርኳት፤ በወረቀት ጠቅልዬ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ወረቀቱን ፈታ አየችው።

«ማን ያውቃል?»

«አንቺና እኔ።»

«እንግዲያው ዕቃ ቤት ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት በይ። አሁኑኑ ትውጣ።»

«መዝገቡስ? ደብቃ የሚለው?»

ወንበሯ ላይ ተደገፈች። ይቺ ሴት ወንበር ላይ ስትደገፍ ካየሁ ቆይቻለሁ። «እትዬ፣ መርፌ ያስገባሁ እኔ ነኝ ብትዪ በዚያው ቀን ያባርሩሻል። ምትክ አይሰጡኝም፤ የሄዱትን መቼ ተኩልኝ? እኔና አንዲት ልጅ እንቀራለን። ያን ጊዜ ማረፊያ የምትገባው ሰፊዋ ብቻ ትመስልሻለች? በየተራ ነው የምናስገባቸው። ለአንዷ ብለሽ ሠላሳውን ትቆልፊያለሽ።»

ያለችው ውሸት አይደለም። ክፋቱም እሱ ነው።

ሰፊዋ ወጣች። አላየችኝም። በምሳ ሰዓት ጋሪው ሳይመጣ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ተነሥታ ማረፊያው ደጃፍ ሄደች። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀመጠችና እስክከፍትላት ቆመች።

አልከፈትኩላትም። ሌላም ነገር አላደረግሁም። ቁልፉን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ እሷም ቆመች። በመጨረሻ «ለምኔ» መጥታ እጇን ይዛ ወሰደቻት።

ይህ ልማድ መቼ እንደ ተጀመረ አላስታውስም ብዬ ጽፌ ነበር። አስታውሳለሁ። የመጨረሻዋ ረዳት በለቀቀች ማግስት ነው። እግሬ አብጦ ነበር። ቁጭ ብዬ መብላት አማረኝ። «ለዛሬ ብቻ» አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። በማግሥቱ ሌላ ሰው ምክንያት ሳይጠይቅ እንደዚያው አደረገ፤ ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። እኛ ዘንድ ደንብ ለማውጣት ስንት ስብሰባ ይጠራል፤ ልማድ ለማውጣት ግን አንድ ያበጠ እግር ይበቃል።

ሐሙስ

ሐኪሞቹ ተሰበሰቡ። «ለምኔ» ስለ ሰፊዋ ተናገረች፤ ትሂድ ብላ። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም። «መርፌ የደበቀችን ሴት ሕፃን ወዳለበት ቤት በእኔ ፊርማ አልልክም» አሉ። «ቤተሰቡ ይህን አውቆ፣ እንወስዳለን ብሎ ራሱ ከፈረመ ግን አልከለክልም።»

እኔ ሻይ ይዤ ገብቼ ነበር። ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቅዳሜ

የወንድሟ ሚስት መጣች። ባሏ መንገድ ላይ ነው። ሕፃን ታቅፋለች፤ ልጁ ጥርስ እያበቀለ ነው መሰለኝ፣ የነጠላዋን ጫፍ ያኝካል። ከሰፊዋ ጋር ጥቂት ተቀምጣ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

«እናቴ፣ እርስዎ አብረዋት ነው የሚውሉት አሉ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ ልጄ።»

«እውነት መርፌ ደብቃ ነበር? ባሌ እህቴ ናት ይላል፤ እሱ ግን በወር ስንት ቀን ቤት ያድራል? የምውለው እኔ ነኝ። ይሄ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። ክፉ አይደለሁም። ስለምፈራ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ታዲያ ደብቃ ነበር?»

አለቃችን በዋርዱ በር መስታወት በኩል ትታየኛለች፤ ሁለት ሴቶች መሃል ገብታ እያገላገለች ነበር። «እኔ አላውቅም ልጄ» አልኩ። «ሐኪሞቹን ብትጠይቂ ይሻላል።»

አመስግናኝ ሄደች። አመስግናኝ! እስከ በሩ ሸኘኋት። ማክሰኞ መልሷን ይዛ ትመጣለች።

እሑድ ማታ

ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም።

የባለቤቴ እህት የነበረችበት ሆስፒታል ሐኪም ወጣት ነበር። «ተሽሏታል። ትወስጃታለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ እኔን ነው። ልጄ በዚያ ሰሞን እግር ተክላ መሄድ ጀምራ ነበር። «ለጊዜው አይመቸንም» አልኩት። በሌላ ጊዜም ጠየቀኝ። በሦስተኛው መጠየቁን ተወ። ቤት ስመለስ «ሐኪሙ ገና ነው አለ» እላለሁ። ባለቤቴ ያምነኝ ነበር። ጠልቻት አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን የሚነቅል እውነት የሚነግረኝ ሰው ግን ደጃፌ አልቆመም። ቢቆምስ እሰማው ነበር? አላውቅም።

አለቃችን ያለችው እውነት ነው። እኔ ብሄድ ዋርዱ ይጎዳል። ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ሁልጊዜ የምትከፍለው ማረፊያ ያለችው ናት። የሰው እጥረቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ውሸቱ ግን የእኔ ነው።

ሰኞ

ለአለቃችን ነገርኳት። ነገ የወንድሟ ሚስት ስትመጣ እውነቱን እንደምሰጣት፣ ከዚያ ለዶክተሩም ራሴ ሄጄ እንደምናገር። ስሟን ከዚህ ውስጥ ላወጣ እንደምችልም ነገርኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። መስኮቱን ዘጋች፤ ዝናቡ ጠረጴዛዋን እየመታ ነበር። «ስሜን ከውስጡ አታውጪ፤ ይኑርበት» አለችኝ። «ቁልፍ የሰጠሁሽ ነኝ። ምትክ አጣሁ ብዬ ስንት ዓመት ለበላይ ጻፍኩ፤ አንድም ቀን ግን አልሠራም ብዬ ቁልፍ አላስቀመጥኩም። ምናልባት ይሄን ሲያዩ የጻፍኩትን ያነቡታል።»

ከበሩ ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«ከምሳ በኋላ አድርጊው፣ እባክሽ። በምሳ ሰዓት ሰው የለኝም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሷ ሳቋን ትታ ፊቷን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች።

ማታ

ለወንድሟ ሚስት በቃል ልነግራት አስቤ ነበር። ራሴን ግን አውቀዋለሁ፤ ሕፃኑን ሳይ «አላውቅም ልጄ» እል ይሆናል። ጽሑፍ ወደ ኋላ አይልም። ስለ ባለቤቴ እህት የጻፍኩበትን ገጽ ልገነጥል ያዝኩት፤ ከዚያ ተውኩት። እሱን ካወጣሁ የቀረውን ለምን እንደጻፍኩት አይገባትም።

ልጄ፣ ፈርሚ አልልሽም። መፍራትሽም ኃጢአት አይደለም። ስትፈሪ ግን ያላደረገችውን አትፍሪ። መርፌውን ሰጥታኛለች፤ እውነቱን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ማረፊያ የገባችበትም ቀን ሁሉ፣ ከዚያ ከመጨረሻው በቀር፣ ሰው ስላልነበረን ነው። እምቢ ካልሽም ለባልሽ «ሐኪሙ አለ» አትበዪው።

ነገ ከምሳ በኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ እነዚህን ገጾች የሚቀበለው እጅ የሰፊዋ ወንድም ሚስት እጅ ነው፤ ለእሷ ናቸው።